ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የምናነሣው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ለአደን በእግሩ ተራራ የሚወጣ ሰው በጀርባው ተሸክሞት ስለሚሄደው ቀላል ፍራሽ ነው። «ፍራሽ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ። ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጤና፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ነውና።

ነገሩን በአንድ ሥፍራ ላይ አድርገን እንመልከተው። በአሜሪካ፣ የኮሎራዶ ዋና ከተማ በሆነችው በዴንቨርና በአካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከከተማዋ በስተምዕራብ የሮኪ ተራሮች ተዘርግተዋል። በእነዚህ ተራሮች ኤልክ የሚባል ግዙፍ የአጋዘን ዝርያ ይገኛል። አደኑ የሚካሄደው በመንግሥት ፈቃድ ሲሆን፣ የቀስት አደን በሴፕቴምበር፣ የጠመንጃው ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። እዚያ ያደጉ ወጣቶቻችን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ለእንዲህ ያለው አደን ቢነሡ የሚያስገርም አይደለም። በኢሕራም ላይ ላለ ሰው የየብስ አደን ክልክል መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለምግብ ሲባል ማደን በሃይማኖታችን የተፈቀደ ነው።

ታዲያ ወጣቱ ከመኪና መንገድ ርቆ ሁለት ሦስት ሌሊት በዱር ለማደር ሲዘጋጅ ገንዘቡን በምን ላይ ያወጣል? በጠመንጃው፣ በመነጽሩ፣ በጫማው፣ በመኝታ ከረጢቱ ላይ ያወጣል። ከሥር የሚነጠፈው ነገር የመጨረሻ ይሆናል፤ ወይም «ሸክም ይቀንስልኛል» ተብሎ ጨርሶ ይቀራል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። የኤልክ አዳኝ ግን የእንጦጦን ጫፍ የሚያህል ከፍታ ላይ፣ በ3000 ሜትር አካባቢ ሊያድር ይችላል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ስለዚህ በከተማው ሌሊቱ 5 ዲግሪ ቢሆን ተራራው ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል ማለት ነው። በኦክቶበር መጨረሻ በረዶ መጣልም የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። በትኩስ ሻይ ውስጥ የብረት ማንኪያ ብናስቀምጥ እጀታው ወዲያው ይሞቃል፤ የእንጨት ማንኪያ ግን አይሞቅም። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው በንክኪ ይጓዛል፤ አንዳንዱ ነገር ፈጥኖ ያሳልፈዋል፣ አንዳንዱ ይገታዋል። መሬት ላይ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለመሬት ይሰጣል፤ መሬቱ ግን ሰፊ ነውና በአንድ ሰው ሙቀት አይሞቅም።

«ጥሩ የመኝታ ከረጢት አለኝ» የሚል ወንድም ይኖራል። የመኝታ ከረጢት የሚያሞቀን በውስጡ ያለው ላባ ወይም ሰው ሠራሽ ጥጥ ተነፍቶ አየር ስለሚይዝ ነው። ስንተኛበት ግን ከጀርባችን በታች ያለው ክፍል ይጨፈለቃል፤ አየሩም ይወጣል። ከላይ የሞቀን ሰዎች ከሥር የምንበርደው ለዚህ ነው። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው የሙቀት ዲግሪም ቢሆን በመደበኛው ምርመራ የሚለካው ከሥሩ ፍራሽ ተነጥፎ ነው። ፍራሹን የተወ ሰው ከከረጢቱም ጥቅም ቀንሷል ማለት ነው።

አያቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ሰሌን ከአቧራ ይጠብቃል እንጂ ብርድ አያስቀርም። በደጋ አገር ያለ ሰው በአጎዛ ላይ የሚተኛው የበጉ ጸጉር አየር ስለሚይዝ ነው። የዛሬው የተራራ ፍራሽም ሥራው ከአጎዛው የተለየ አይደለም፤ የተለየው በክብደቱና በመጠቅለሉ ነው።

ፍራሽ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታየው «አር» የተባለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ፍራሹ ሙቀት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚገታ ያመለክታል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍራሹ ይሞቃል። ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ መንገድ ይለካ ስለነበር የአንዱን ከሌላው ማነጻጸር አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የጋራ መለኪያ ወጣ፤ ከ2020 ጀምሮም ትልልቆቹ አምራቾች ይሠሩበት ጀመር። አለካኩ ቀላል ነው። ፍራሹ በአንድ ሞቃትና በአንድ ቀዝቃዛ ሰሌዳ መካከል ይደረጋል፤ ሞቃቱ ሰሌዳ ሙቀቱን እንዲጠብቅ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ይታያል።

እንደ መመሪያ፣ ለሞቃት ወራት ከ1 እስከ 2፣ ለቀዝቃዛ ሌሊት 4 አካባቢ፣ ለበረዶ መሬት ደግሞ ከ5.5 በላይ ያስፈልጋል። ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በሐጅ ጊዜ በሙዝደሊፋ ሜዳ የሚያድር ሰው ከሥሩ ያለው ምድር የሞቀ ነውና ቀጭን ምንጣፍ ይበቃዋል። በባሌ፣ ከ4000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ለማደር የሚሄድ ተማሪ ግን ከኮሎራዶው አዳኝ ያነሰ መዘጋጀት የለበትም።

በገበያ ላይ ያሉት ፍራሾች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ጠጣር ስፖንጅ ነው። እንደ ቤት ስፖንጅ ውኃ አይመጥም፤ በውስጡ ያሉት የአየር ቋጠሮዎች ሁሉ ዝግ ናቸው። ለምሳሌ ቴርማረስት የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ታጣፊ ዓይነት ክብደቱ 410 ግራም፣ «አሩ» 2 ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይረክሳል። እሾህ ቢወጋው እንኳ ሥራውን አያቋርጥም። ቀን አዳኙ አውሬውን ሲጠባበቅ አጥፎ ይቀመጥበታል። ጉድለቱ ግዙፍ መሆኑና ቀጭን በመሆኑ ለጎንና ለዳሌ አለመመቸቱ ነው።

ሁለተኛው ራሱን በራሱ የሚነፋው ነው። ከቦይንግ ሥራ የተቀነሱ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1972 በሲያትል ከተማ ባቋቋሙት ድርጅት የተጀመረ ነው። አየር በማያስወጣ ሽፋን ውስጥ ስፖንጅ አለ፤ ቫልቩ ሲከፈት ስፖንጁ እየተለጠጠ አየር ይስባል። ምቹና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ክብደት ስላለው በእግር ለሚጓዝ አዳኝ ብዙም አይመረጥም።

ሦስተኛው በአየር የሚነፋው ነው። ሲጠቀለል የውኃ ጠርሙስ ያህላል፤ ሲነፋ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ለባሕር ዳርቻ መዝናኛ የተሠራ ፍራሽ ለተራራ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው አየር እየተዘዋወረ ሙቀቱን ወደ መሬት ያወርደዋልና። የሚፈለገው በውስጡ ሙቀት የሚመልስ ሽፋን ወይም ላባና ጥጥ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዚያው ኩባንያ ኒዮኤር ኤክስላይት 370 ግራም ይመዝናል፤ «አሩም» 4.5 ነው። ዋጋው ግን ወደ 200 ዶላር ይጠጋል፤ ስለት ከነካውም እንደ ጎማ ይተነፍሳል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? ለሴፕቴምበር አደን ሦስተኛው ዓይነት ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ለኦክቶበርና ለኖቬምበር ግን ሁለቱን መደራረብ ይሻላል፤ ስፖንጁ ከታች፣ የሚነፋው ከላይ። የ«አር» ቁጥሮች ይደመራሉና 2 እና 4.5 ሲደመሩ 6.5 ይሆናሉ። የሁለቱ ክብደት 780 ግራም ነው፤ ከ1 ኪሎ ያነሰ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የሚነፋው በእኩለ ሌሊት ቢተነፍስ ሰውየው ባዶ መሬት ላይ አይቀርም።

«አዳኝ ሲመለስ ሥጋ ይሸከማል፤ እያንዳንዱ ግራም ይከብደዋል» የሚለው ክርክር እውነት ነው። ከአንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ አጥንቱ ወጥቶ እንኳ ወደ 90 ኪሎ የሚደርስ ሥጋ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም በብዙ ምልልስ የሚወርድ ሸክም ነው። ነገር ግን ክብደት መቀነስ ካለበት ከትርፍ ልብሱ፣ ከቆርቆሮ ምግቡ፣ ከከባዱ ድስት ይቀነስ። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው ጠዋት እጁ አይጸናም፤ ዓይኑም አያነጣጥርም። አውሬውን አቁስሎ ይስተዋል። የቆሰለው እንስሳ በዱር ሲሠቃይ ይሞታል፤ ሥጋውም ለማንም ሳይሆን ይቀራል። ነፍስ ያለውን ፍጡር ያለ ጥቅም ማሠቃየት ደግሞ የሚያስጠይቅ ነው።

ፍራሹ ከተገዛ በኋላ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል።

ከጉዞው በፊት በቤት ወለል ላይ፣ ቀጥሎም በረንዳ ላይ አንድ ሌሊት ተኙበት። ርዝመቱና ስፋቱ፣ አየር መያዙም የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

አመሻሽ ላይ የተነፋ ፍራሽ ሌሊት ይላላል። ይህ ሁልጊዜ ቀዳዳ ስላለው አይደለም፤ የሞቀ አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚጨማተር ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ጥቂት ጨምሩበት። በአፍ ከመንፋት ይልቅ አብሮት የሚሸጠውን የመንፊያ ከረጢት ተጠቀሙ፤ የትንፋሽ እርጥበት ውስጡን ያሻግታልና።

ቀዳዳ ከተገኘ ጎሚስታው እንደሚያደርገው ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አረፋው የሚወጣበትን ፈልጉ፤ በደንብ አድርቃችሁ ልጥፉን በማስቲሽ ለጥፉ። ልጥፍና ማስቲሽ ከሻንጣው አይለዩ።

ከማንጠፋችሁ በፊት ድንጋይና እሾህ ልቀሙ። በሸለቆ ሥር አትተኙ፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ታች ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል።

ፍራሹ ጨርሶ ከተበላሸ ባዶውን የጀርባ ሻንጣ፣ ገመዱን፣ ትርፍ ልብሱን ከትከሻና ከዳሌ ሥር አድርጉ። ጓደኛችሁ አጥብቆ ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ሲንተባተብ፣ እጁ ነገር መያዝ ሲያቅተው ካያችሁ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች እየወረደ ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ቢቆም የባሰ ምልክት እንጂ የመዳን ምልክት አይደለም። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፤ በደረቅ ሸፍኑት፤ በመጀመሪያ ግን ከሥሩ አንጥፉለት። በደንብ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር አጠጡት፤ የነፍስ አድን እርዳታም ጥሩ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ለአደን ሲነሣ ስለ ጠመንጃው ከመጠየቃችሁ በፊት «ከሥርህ ምን ታነጥፋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «ምንም» ከሆነ ገና አልተዘጋጀምና ጉዞውን በሌላ ሳምንት ያድርገው።