ታቦታቱ ቢመለሱ ተማሪው ምን ይጎዳል?

ለንደን የሚማር ኢትዮጵያዊ ሁለት ትምህርት ቤት አለው። አንደኛው ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ዩኒቨርሲቲው ነው። ሁለተኛው ሰተት ብሎ በነጻ የሚገባበት ሙዚየም ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞች ከ2001 ጀምሮ ቋሚ ስብስባቸውን ለማየት የመግቢያ ሳንቲም አይጠይቁም (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ገብተን የምንማረው ወይም ሳንማር የምንቀረው ነገር «ቅርሶቻችን ይመለሱልን!» የሚለውን ጩኸታችንን ወይ ጉልበት ይሰጠዋል፣ ወይ ባዶ ጩኸት ሆኖ እንዲቀር ያደርገዋል።

አርብ አርብ ውሎዬ ይህን ይመስላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስለ ቅርስ ሕግ የምንወያይበት ሴሚናር አለ። ሰሞኑን ያነበብነው የ1963ቱን የብሪቲሽ ሙዚየም አዋጅ ነው፤ በተለይ አንቀጽ 5ን። አንቀጹ የሙዚየሙ ባለአደራዎች በስብስባቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ እንዳሻቸው ለሌላ እንዳይሰጡ ይከለክላል። ቅርሳችንን ስጡን ባልን ቁጥር «ሕጉ አይፈቅድም» የምንባለው በዚህ ነው። ነገር ግን ሕግን እንደ ጋዜጣ ርዕስ ከላይ ከላይ አንብበው ካልተዉት የሚገኝበት ነገር አለ። ይኸው አንቀጽ በሮች አሉት። ዕቃው ከሌላ በስብስቡ ካለ ዕቃ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ መስጠት ይቻላል። ሌላኛው በር ደግሞ ባለአደራዎቹ «ይህ ዕቃ በስብስባችን ሊቆይ የሚገባው አይደለም» ብለው ካመኑና መውጣቱ የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳ ከሆነ ይከፈታል።

የተማሪዎችን ጥቅም! ሕጉ «ተማሪ» የሚለው ቅርሱን የሚያጠናውን ሰው ሁሉ ነው። እንግዲህ እኔም አለሁበት ማለት ነው፤ አንተም አለህበት፣ አንቺም።

ከክፍል ወጥቼ ሳንድዊቼን እየገመጥኩ ስሄድ ብሪቲሽ ሙዚየም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፎቅ ላይ 66 ቁጥር ክፍል የኢትዮጵያና የኮፕቶች ግብጽ ነው። መስቀሎቻችንን እዚያ ታያላችሁ። የማታዩት ግን ይበልጣል። ሙዚየሙ 11 ታቦታት አሉት። አብዛኞቹ በ1868 (በእኛ በ1860 ዓ.ም.) ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ለሕዝብ ታይተው አያውቁም፤ ወደፊትም አይታዩም። ታቦት ከካህን በቀር ሌላ ሰው ሊያየው የማይገባ መሆኑን ሙዚየሙ ራሱ ተቀብሎ በተለየ ክፍል አስቀምጧቸዋል። የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አይመለከቷቸውም።

እስቲ በሰከነ መንፈስ እናስበው። ትልልቆቹ ሙዚየሞች «እነዚህ ቅርሶች የዓለም ሕዝብ ሁሉ ናቸው፤ እዚህ ቢሆኑ ሁሉም መጥቶ ያያቸዋል» ሲሉ ይከራከራሉ። ለሌላው ቅርስ ይህ ክርክር ያስኬድ ይሆናል። ለታቦታቱ ግን በራሱ ሚዛን ተመዝኖ ይወድቃል። ጎብኚው አያያቸውም፣ ተመራማሪው አያጠናቸውም፣ ፎቶግራፍ አይነሡም። ምዕመኑም አይሳለማቸውም። ታዲያ የተቀመጡት ለማን ነው? ቢመለሱ ጥቅሙ የሚጎዳው ተማሪስ የትኛው ነው? ሕጉ ተማሪን ካነሣ አይቀር ተማሪው መጥቶ «እኔ አልጎዳም» ቢል ምናለበት?

ወደ ኋላ ተመለስ ብላችሁ ታሪኩን ብታዩት ደግሞ የሚገርም ነገር ታገኛላችሁ። ብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆምስ የተባለ ሠራተኛውን ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ልኮ ነበር። ሰውየው የአቡኑን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ገዛ። የተዘረፈው ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ሲቀርብም ዋና ተጫራች እሱ ነበር። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በፓርላማ ቆመው ዕቃዎቹ ከአገራቸው መውጣታቸው እጅግ እንደሚያሳዝናቸው ተናገሩ። በ1872 አጼ ዮሐንስ ክብረ ነገሥትንና «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጻፉ። ሙዚየሙ ሁለት ክብረ ነገሥት ስለነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን ጠፋ ተባለ። ለካስ ያው ሆምስ እጅ ነበር! ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። መመለስ ትናንት የተፈጠረ የእኛ ትውልድ ወግ አይደለም። ከ150 ዓመት በፊት ተጠይቆ፣ በከፊልም ቢሆን ተፈጽሟል።

ከሰዓት በኋላ ብሪቲሽ ላይብረሪ እሄዳለሁ። እዚያ 350 ገደማ የመቅደላ ብራናዎች አሉ። የአንባቢ ካርድ ማውጣት በነጻ ነው። የብራናዎቹን ዝርዝር ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ በ1877 አሳትሞታል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉድ የሚጀምረው። የንባብ ክፍሉ ወንበር ላይ ልንቀመጥ የምንችለው፣ ቪዛ ተመትቶልን የመጣነው ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቻችን ግዕዝ አናነብም። ጎጃም ውስጥ አኮፋዳውን አንግቦ ቅኔ ሲቆጥር የኖረው ተማሪ ግን እነዚህን ብራናዎች እንደ ውኃ ይጠጣቸው ነበር። ነገር ግን የባንክ ሒሳብ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ቪዛ አያገኝም። ቪዛ ያለን ግዕዝ የለንም፤ ግዕዝ ያለው ቪዛ የለውም። «የዓለም ሕዝብ ሁሉ መጥቶ ያየዋል» የሚለው ወሬ ሲገለጥ ውስጡ ይህ ነው።

«ኢንተርኔት ላይ ቅጂው አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ቅጂ ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቀውም። ግን በጥቅምት 2023 ቤተ መጻሕፍቱ ላይ የኮምፒውተር ጥቃት ሲደርስ በዲጂታል የተነሡት ብራናዎች ለወራት ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። ቅጂውም ያው እነሱ ቤት ከተቀመጠ ቁልፉ ያው እነሱ እጅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። «ቢመለስስ ማን ይጠብቀዋል?» የሚለውን ጥያቄ ፈረንጅ ስለጠየቀው ብቻ እንደ ስድብ መቁጠር የለብንም። በ2020 በተጀመረው የትግራይ ጦርነት ጥንታዊው የአል ነጃሺ መስጊድ ተጎድቷል፤ ቤተ ክርስቲያናትና ገዳማትም ላይ ጉዳት ደርሷል። ያን ጊዜ የዘረፈን ናፒየር አልነበረም። ይህን ሳንደብቅ መናገር አለብን። በሌላ በኩል፣ ጣሊያን በ1937 የወሰደችው 24 ሜትር ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ቦታው ላይ ቆሟል። ያን ጊዜም «አይቻልም» የሚል ሞልቶ ነበር። እንግዲህ መልሱ ለሁሉም ቅርስ አንድ አይደለም። ብራና ጥሩ ማኅደር፣ የሠለጠነ ባለሙያና ሰላም ይፈልጋል። ታቦት የሚፈልገው መንበርና ካህን ነው፤ ይህ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። በ2001 ኤድንበርግ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት በዓመቱ አዲስ አበባ ሲገባ «የት እናስቀምጠው?» ያለ ሰው አልሰማንም።

ስለዚህ ውጭ አገር ለምንማረው የምለው ይህን ነው። በዓመት አንዴ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥቶ ፎቶ መነሣት መልካም ነው፤ አይበቃም እንጂ። የአንባቢ ካርድ አውጡ። ግዕዝ ጀምሩ፤ ፊደሉ በእጃችን ነውና ከፈረንጁ ተማሪ ይልቅ ለእኛ ይቀለናል። ያነበባችሁትን በአማርኛ ጻፉት፤ አገር ቤት ያለው ወንድማችሁ ምን እንደተወሰደበት በስም ይወቅ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለላችሁ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለላችሁ። ያለውን የማይጎበኝ ሕዝብ የተወሰደውን ሲጠይቅ ድምፁ ይሰልላል።

ታቦታቱን በሚመለከት ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። እዚህ የምንማር ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊ ሆንን አልሆንን፣ ለባለአደራዎቹ አንድ ደብዳቤ እንጻፍ። ረጅም አይሁን። «አዋጃችሁ የተማሪዎችን ጥቅም ያነሣል። ተማሪዎቹ እኛ ነን። 11ዱ ታቦታት ቢመለሱ አንዳችንም አንጎዳም» ይበል። ከሥሩ ስማችንንና የምንማርበትን ትምህርት እንጻፍ። ከዚያ በኋላ በሕጉ የሚያመካኝ ሰው ቢያንስ ከተማሪው ጀርባ ሊደበቅ አይችልም።

ቸር ያሰንብተን!