ስለ ድር ፈትል

በጫንጮ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ እጅግ ይበረታል። ስለዚህ ደኅና ጋቢ በዚህ አገር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለሽማግሌና ለአሮጊት የጤና ጠባቂ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚሠራ ሰፊ ልብስ ነውና ብዙ ፈትል ይፈጃል። ጥጡም ከቆላ ይመጣል እንጂ በእኛ ደጋ አይበቅልም።

ከተማሪዎቼ አንዲቱ ለአያትዋ ጋቢ የሚሆነውን ፈትል ሁሉ በገዛ እጅዋ ልትፈትል ቈረጠች። ማጉን ያለ ችግር ጨረሰች፤ የጋቢ ማግ ለስለስና ወፈር ቢል አይጎዳምና፤ እንዲያውም ሙቀቱ ከእርሱ ነው። ድሩ ግን አስቸገራት። ድር አስቀድሞ የሚወጠረው ፈትል ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ በረገጠ ቍጥር ድሩ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ማጉ በተመታ ቍጥርም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ባለው መምቻ መካከል ይፋተጋል። ስለዚህ ቀጭንና ጠንካራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍም አንድ ዐይነት መሆን አለበት።

ልጅቱ ልቃቂቱን ወደ ሸማኔው ወሰደች። እርሱም ጥቂት ክንድ ያህል መዝዞ ሳበው፤ በሦስት ስፍራ ተበጠሰ። «ልጄ፣ ይህ ማግ ይሁን እንጂ ድር አይሆንም» አላት። እናትዋ ይህን በሰማች ጊዜ ተቈጣች፤ «ደግሞ ሸማኔ ልጄን ሊያርማት ነውን?» አለች።

እኔን ያሳዘነኝ ይህ ቃል ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። በእንጦጦ ጋራ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው የሚሠሩትን ባለ ጥለት ልብስ ለበዓል እንሻለን፤ በየሰፈራችን ያለው ሸማኔ ግን አንዲት ምክር ሲሰጠን ደማችን ይፈላል! ስለ ፈትል ከሸማኔ ይልቅ ማን ሊያውቅ ነው?

ጎረቤቶች ደግሞ «የፋብሪካ ድር ግዢና ተገላገዪ» አሏት። መግዛቱ ነውር አይደለም፤ ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች የሚሠሩት በእርሱ ነው፤ ለገበያ የሚሠራ ሰው ቢገዛ እኔም አልነቅፈውም። ይህች ልጅ ግን መፍተል ልማር ብላ ተነሥታ ከከባዱ ስፍራ ስትደርስ ብትተወው፣ በእጅዋ የሚቀረው ቀድሞ የምታውቀው ብቻ ነው። ለእናትዋም እንዲሁ ነገርኋት፤ እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም።

ልጅቱ ግን ወደ ሸማኔው ተመልሳ ጠየቀችው። እርሱም «ከባዘቶው በአንድ ጊዜ ብዙ አትሳቢ። በእንዝርቱ ላይ ከመጠቅለልሽ በፊት እንደ ገና አክርሪው። ፈትሉን ላላ ስታደርጊው በራሱ ላይ ከተጠማዘዘ ከርሯል፤ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ግን ገና ነው» አላት። የተበላሸውንም ልቃቂት አልጣለችውም፤ ከማጉ ጋር አኖረችው።

አያቲቱ ጋቢው ደረሰ ወይ እያለች በየቀኑ ትጠይቃለች። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቱ ሁለተኛውን ልቃቂት ወሰደች። ሸማኔውም እንደ ፊተኛው መዝዞ ሳበው፤ በአንድ ስፍራ ብቻ ተበጠሰ።