«አጫውቱኝ»

ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር የአምስት ዓመቷ ልጄ ጓደኞቿን ሁሉ እዚያው ትታ መጣች። አዲሱ ብሎካችን ፊት ለፊት፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ፣ ማታ ማታ ልጆች ይሰበሰባሉ። ሱዚ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፣ መሸት ሲል ድብብቆሽ ይጀምራሉ። እሷ ደረጃው ላይ ቆማ ታያቸዋለች። አንድ ቀን ጠጋ ብላ «አጫውቱኝ» አለች። «ሞልቷል» አሏት። ሮጣ መጥታ ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረች።

ደሜ ፈላ። ወረድኩና «እሷንም አጫውቷት!» ብዬ አዘዝኩ። እሺ ብለው አስገቧት። ፊቴን ሳዞር ግን አንዷ ውኃ ጠማኝ አለች፣ ሌላዋ እናቴ ጠራችኝ አለች፣ ጨዋታው ፈረሰ። ስመለስ ልጄ ብቻዋን ላስቲኩን ይዛ ቆማለች። እስከ ዛሬ ያንን ፊቷን አልረሳውም። የትልቅ ሰው ትእዛዝ ልጅን ሜዳው ላይ ያቆማል እንጂ ጨዋታው ውስጥ አያስገባም።

እስቲ ቃሉን ልብ በሉት። «አጫውቱኝ» ልመና ነው። የሚለምን ልጅ እሺታውንም እምቢታውንም ለሌሎቹ ያስረክባል። ልጆቹ ደግሞ እምቢ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ተራ ተከፋፍለው፣ ተጨቃጭቀው ያቆሙት ጨዋታ እንዳይበላሽባቸው ስለሚሰጉ ነው።

ማርታ ፑታላዝ እና ጆን ጎትማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ልጆች ወደተጀመረ ጨዋታ እንዴት እንደሚገቡ የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 አሳትመው ነበር። በእኩዮቻቸው ዘንድ እምብዛም የማይወደዱት ልጆች ገና እንደደረሱ ስለ ራሳቸው ያወራሉ፣ ጥያቄ ያበዛሉ፣ ይከራከራሉ፤ ብዙ ጊዜም ችላ ይባላሉ። የሚወደዱት ግን ሌሎቹ የያዙትን ጨዋታ ተከትለው ይገባሉ። ይኼ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡና ተፈልቶ፣ ጨዋታው ደርቶ ስንደርስ ማንኛችንም «አጫውቱኝ» አንልም። ሰላምታ ሰጥተን እንቀመጣለን፣ ወሬው የቱ ጋ እንደደረሰ እናዳምጣለን፣ ከዚያ ጣል እናደርጋለን። ይህንን ለራሳችን አውቀን ለልጆቻችን ማስተማሩን ግን ዘንግተነዋል።

ጨዋታው በፈረሰ ማግስት፣ ማታ፣ ከልጄ ጋር ደረጃው ላይ አብረን ተቀመጥን። «ምን እየተጫወቱ ነው?» አልኳት። «ሱዚ።» «ማን ይዟል?» አንዷ ልጅ ይዛለች፤ ሌላው ጫፍ የልብስ ማስጫው ብረት ላይ ታስሯል። ልጄ ዝም ብላ ስታይ ቆየች። ከዚያ «እማ፣ ብረቱ ላይ እየተንሸራተተባቸው ነው» አለች። «እና ምን ይሻላቸዋል?» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ወረደች። «እኔ ልያዝ?» ስትል ሰማኋት። እሺም እምቢም ያላት የለም። አንዷ ላስቲኩን ከብረቱ ፈታ በልጄ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ አዞረችው፣ ዝላዩ ቀጠለ።

ለረጅም ጊዜ ያዘች። ያዘች ብቻ። «ተራ ስጧት» ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት። ሊመሽ ሲል አንዷ ተሳሳተችና ልጄን «ነይ አንቺ ዝለይ» አለቻት። በሦስተኛው ቀን ከታች ሆነው በስሟ ጠሯት።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሳካም። «ሞልቷል» የሚባልበት ቀን አሁንም አለ፤ ያን ጊዜ «ይህ ዙር ሲያልቅ እገባለሁ» ብላ እንድትጠብቅ አስተምሬያታለሁ። ሁለት ነገሮችን ግን እኔው ራሴ ትቻለሁ። አንደኛው፣ እሷ እየሰማች ለጎረቤት «ዓይን አፋር ናት» ማለት ነው፤ ልጅ የተሰጠውን ስም ለብሶ ይቀራል። ሌላው ከረሜላ አስይዞ መላክ ነው፤ ከረሜላው ሲያልቅ ወዳጅነቱም አብሮ ያልቃል።

ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በቆመው ልጅ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ቪቪያን ፔሊ የተባሉ የቺካጎ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ክፍላቸው ውስጥ «አላጫውትህም» ማለትን የሚከለክል ሕግ አውጥተው፣ የሆነውን እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ክፍል ውስጥ ይህን የሚያደርግ መምህር አለ። ብሎክ ሥር ግን መምህር የለም፤ ያለነው እኛ ወላጆች ነን። ልጃችሁ ላቡን እየጠረገ ለእራት ሲገባ «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያያችሁ የነበረው ማን ነው?»