የወደቀው ይነሣ ወይስ እንደወደቀ ይቆይ? የጥንቱ ዓለም ሐውልቶች ዕጣ ፈንታ

በ2024 መጀመሪያ የግብጽ የቅርሶች ከፍተኛ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሙስጠፋ ዋዚሪ አንድ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ አጋሩ። በጊዛ ከሚገኙት ሦስት ታላላቅ ፒራሚዶች መካከል ትንሹ በሆነው በመንካውሬ ፒራሚድ ግርጌ ሠራተኞች ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮችን ሲያስተካክሉ ይታያል። ኃላፊው ፒራሚዱን በጥንት ዘመን አልብሶት የነበረው ግራናይት ወደ ቦታው እንደሚመለስ፣ ሥራውም ሦስት ዓመት እንደሚወስድ ገልጸው፣ ውጥኑን «የክፍለ ዘመኑ ፕሮጀክት» ሲሉ ጠሩት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምላሹ ፈጣንና የከረረ ነበር። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ «ፒራሚዱ ሴራሚክ ሊለጠፍበት ነው» እያሉ የተሳለቁም ብዙ ነበሩ። የአገሪቱ የቱሪዝምና የቅርስ ሚኒስትር ጉዳዩን የሚመረምር፣ በዕውቁ የጥንታዊት ግብጽ ተመራማሪ ዛሂ ሐዋስ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኮሚቴው ድንጋዮቹን መልሶ መደርደርን በአንድ ድምፅ ተቃወመ።

ውሳኔው አንድን ፕሮጀክት ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከአፍጋኒስታን እስከ ሶርያ፣ ከአሌክሳንድርያ እስከ አክሱም ደጋግሞ ለሚነሣ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነው፦ ጊዜ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም የሰው እጅ የጣለውን ሐውልት መልሶ ማቆም ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?

የኮሚቴው ምክንያት

የመንካውሬ ፒራሚድ ከአራት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት በፊት ሲሠራ፣ የታችኛው ክፍሉ ከአስዋን በአባይ ወንዝ ተጭኖ በመጣ ቀይ ግራናይት እንዲለብስ ታስቦ ነበር። ሥራው ግን አላለቀም። ዛሬም በቦታቸው ካሉት የሽፋን ድንጋዮች አብዛኞቹ ፊታቸው ሳይለሰልስ የቀሩ ናቸው። ለአርኪዮሎጂ ባለሙያ ይህ ጉድለት ሳይሆን ሰነድ ነው፤ የጥንቶቹ ግንበኞች ድንጋዩን እንዴት እንዳነሡ፣ የትኛውን ገጽ በኋላ ለመጥረብ እንደተዉት ከዚያ ይነበባል።

ኮሚቴው ያቀረበው መከራከሪያም ከዚህ የተነሣ ነው። በግርጌው የተበተነው እያንዳንዱ ድንጋይ በመጀመሪያ የት እንደነበር በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ በግምት መደርደሩ ደግሞ ፒራሚዱ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረውን ማስረጃ ይሸፍነዋል። በሌላ አነጋገር፣ ቅርሱን «ለማስዋብ» የሚደረገው ጥረት ታሪኩን ሊያጠፋ ይችላል።

በፒራሚዱ ሰሜናዊ ገጽ ላይ የሚታየው ትልቅ ስንጥቅም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሳላሕ አድ-ዲን ልጅ ሱልጣን አል-አዚዝ ዑስማን ፒራሚዱን ለማፍረስ ሠራተኞች አሰማርቶ ነበር። ለስምንት ወራት ያህል ከለፉ በኋላ ሥራው ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ተዉት። ዛሬ ያ ስንጥቅ ይደፈን ቢባል ፒራሚዱ ካለፈበት ዘመን አንዱ ገጽ ይገነጠላል።

የሐውልቶቹ ድንጋይ የት ገባ?

ግሪኮች «ሰባቱ ድንቆች» ብለው ከዘረዘሯቸው ሥራዎች ዛሬ ቆሞ የሚታየው የጊዛው ታላቁ ፒራሚድ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም። በመጀመሪያ 146 ሜትር ገደማ የነበረው ቁመቱ ወደ 138 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ነጩ የኖራ ድንጋይ ሽፋኑም በአብዛኛው ተነቅሎ ለካይሮ ሕንፃዎች ውሏል።

የሌሎቹም ፍጻሜ ተመሳሳይ ነው። የአሌክሳንድርያን የመብራት ግንብ የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ መታው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው ስፍራ ምሽግ ሲያሠራ የግንቡ ፍርስራሽ ለግንባታው ዋለ። በዛሬዋ ቱርክ፣ በሐሊካርናሰስ የነበረው የንጉሥ ማውሶሎስ መቃብርም በመሬት መንቀጥቀጥ ከተጎዳ በኋላ የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ድንጋዩን ለቦድሩም ምሽግ ተጠቀሙበት።

ሁለቱ ታሪኮች የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። ተፈጥሮ ጣለቻቸው፤ ከምድር ገጽ ያጠፋቸው ግን የሰው ፍላጎት ነው። ሐውልቱ ለአካባቢው ሕዝብ የነበረው ትርጉም ሲሞት የቀረው ጥሩ የተጠረበ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ከዚህ የተለየው የሮድስ ደሴት ነዋሪዎች ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙት፣ 33 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው የፀሐይ አምላካቸው የነሐስ ሐውልት ስልሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በመሬት መንቀጥቀጥ ጉልበቱ ላይ ተሰብሮ ወደቀ። የግብጽ ንጉሥ ሦስተኛው ጰጥሎሚ ለማስነሻው ገንዘብ ሊሰጥ ቃል እንደገባ ይነገራል። የሮድስ ሰዎች ግን ከአምላክ የመጣ ነው ያሉትን ትእዛዝ ጠቅሰው እንደወደቀ ተዉት። ከዘመናት በኋላ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ሐውልቱ ተጋድሞም ሳለ አስደናቂ እንደሆነ፣ አውራ ጣቱን እንኳ በክንዳቸው ማቀፍ የሚችሉ ጥቂቶች መሆናቸውን ጽፏል።

የዘመናችን መለኪያ

በዘርፉ ሙያ እስካሁን ዋናው መመሪያ የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ነው። ቻርተሩ በጥንታዊ ፍርስራሾች ላይ አዲስ ግንባታ እንዳይካሄድ ይከለክላል፤ የሚፈቅደው በስፍራው የተገኙትን የራሱን የሐውልቱን ክፍሎች መልሶ ማገጣጠምን ብቻ ነው። አዲስ ማያያዣ ቢያስፈልግም አዲስ መሆኑ በግልጽ መታየት አለበት።

ጦርነት ግን ይህን መርሕ ፈተና ላይ ጥሎታል። ታሊባን በመጋቢት 2001 በባሚያን ገደል ላይ የተፈለፈሉትን ሁለት ግዙፍ የቡድሃ ምስሎች በፈንጂ አፈራረሰ። የትልቁ ቁመት 55 ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ «ቢያንስ አንዱ ይሠራ» እና «ባዶው ጎጆ ራሱ ምስክር ነው» በሚሉ ወገኖች መካከል ክርክሩ አልቆመም።

በ2015 «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ ራሱን የሚጠራው ቡድን በሶርያ ፓልሚራ ቤተ መቅደሶችንና የድል ቅስቱን አወደመ፤ ዕድሜያቸውን ለከተማዋ ቅርስ የሰጡትን አዛውንት ምሁር ኻሊድ አል-አስዓድንም ገደለ። በተከታዩ ዓመት በማሽን ከዕብነ በረድ የተቀረጸ የቅስቱ ቅጂ በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ቆመ። ለአንዳንዶች የእምቢተኝነት ምልክት ነበር። ለሌሎች ግን ሶርያውያን ገና ሙታናቸውን እየቀበሩ ሳለ በሩቅ ከተማ የተዘጋጀ ትዕይንት ነበር።

በማሊ ቲምቡክቱ የሆነው ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። በ2012 ታጣቂዎች ያፈረሷቸውን የቅዱሳን መካነ መቃብሮች የከተማዋ ግንበኞች ከአባቶቻቸው በወረሱት የጭቃ አሠራር መልሰው ገነቧቸው፤ ሥራው በ2015 ተጠናቀቀ። እነዚህ የጥንቱ ዓለም ሥራዎች ባይሆኑም ልዩነቱን ያጎላሉ። በቲምቡክቱ ሙያው አልሞተም፤ ነዋሪውም በየጊዜው ግድግዳውን እየለሰነ ሲጠብቀው የኖረ ባለቤት ነው።

ከሮም የተመለሰው፣ በአክሱም የተጋደመው

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው 24 ሜትር ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት፣ ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ስምምነት የዘረፈችውን ለመመለስ ብትስማማም፣ ወደ ቦታው የተመለሰው በ2005 ነው። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ከተጓጓዘ በኋላ በ2008 ቆመ።

ሐውልቱ ሲወሰድ በአክሱም ወድቆ፣ ተሰባብሮ ነበር። እንደገና የመቆሙ ጉዳይ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ወራሪው በገዛ ከተማው አቁሞ የታየበትን፣ ባለቤቱ ወድቆ ተረከበው ማለት ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም። ሆኖም ከመተከሉ በፊት በተደረገ ጥናት ከመሬቱ ሥር የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው በመታወቁ ሥራው ብርቱ ጥንቃቄ ጠይቋል። አጠገቡ ያለው፣ ያዘመመው ሦስተኛው ሐውልትም በማሰሪያ መደገፍ ነበረበት። አንዱን ማንሣት ሌላውን ሊጥል ይችል ነበር።

ከሁሉም የሚልቀው፣ 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ሐውልት ግን ዛሬም እንደተሰባበረ ተጋድሟል። ሲተከል ወይም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ፣ ሲወድቅም «ነፋስ ማውጫ» የተሰኘውን መቃብር ግዙፍ ክዳን እንደመታ ይታመናል። የሰው ልጅ ከአንድ ድንጋይ ጠርቦ ሊያቆም የሞከረውን ነገር ወሰን የሚያሳየው ውድቀቱ ነው። ቢነሣ ይህ ታሪክ ይጠፋል።

ድንጋዩን ሳይነኩ ማቆም

በ2025 በአሌክሳንድርያ የፈረንሳይና የግብጽ ባለሙያዎች ከባሕር ውስጥ 22 ግዙፍ የመብራት ግንቡን ድንጋዮች አወጡ። ከእነርሱ መካከል እስከ 80 ቶን የሚደርሱ የበር ክፍሎች ይገኛሉ። ዓላማው ግንቡን በድንጋይ መልሶ መሥራት ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ክፍል በዲጂታል መንገድ መዝግቦ በኮምፒውተር ማገጣጠም ነው። ግምቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ይታረማል፤ በመንካውሬ ፒራሚድ ላይ በሲሚንቶ የተያያዘ ግራናይት ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም።

ቴክኖሎጂው ሁሉንም አይፈታም። በኮምፒውተር የቆመ ግንብ ለባሚያን ወይም ለፓልሚራ ነዋሪ የጎብኚ ገቢ አያመጣም፤ የተገፈፈውንም ክብር አይመልስም። ከእነዚህ ታሪኮች ግን ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ፦ የራሱ ድንጋይ አለ ወይ? እንዴት ቆሞ እንደነበር በማስረጃ ይታወቃል ወይ? ይነሣ የሚለውስ በአጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ነው ወይስ ለካሜራ የቸኮለ ባለሥልጣን?

የአክሱሙ ተመላሽ ሐውልት ሦስቱንም አሟልቷል። የመንካውሬ ግራናይት በሁለተኛው ወደቀ። የለንደኑ ቅስት የመጀመሪያውንም ሦስተኛውንም አላሟላም። በአክሱም ላዘመመው ሦስተኛው ሐውልት ግን ጥያቄው ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ እርሱ ገና አልወደቀም፤ የቆመን መደገፍ ደግሞ የወደቀን ከማንሣት ይቀላል።