ዶልፊኑ ኤሲ ይግባለት?

ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ዶልፊን ገዝቶ «ቲቸር፣ ኤሲ ላስገጥምለት እንዴ?» ብሎ ደወለልኝ። መስመሩ ከአዲስ ቅዳም በዳንግላ ባሕር ዳር ነው።

ተው አልኩት። አዲስ ቅዳም እኮ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ ለሚሳፈር ሰው ኤሲ ምን ያደርግለታል? ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ስለሆነ ናፍጣ ይበላል፤ የናፍጣን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። በቻግኒ ወደ ፓዊ የሚወርድ ቢሆን ሌላ ነው፤ ከእንጅባራ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሆነ ሙቀቱ አይጣል ነው።

የኛ መስመር ችግር የተዘጋ መስኮት ነው። አንዱ ትንሽ ከፈት ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ ግን ከብርድ አይመጣም፤ የሚያስል ሰው ባለበት የታፈነ አየር ነው የሚተላለፈው። በ2012 በኮሮና ጊዜ መስኮት ከፍተን ሄደን የለ እንዴ! ኤሲ ከገባ መስኮቱ ጭራሽ አይከፈትም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያዞረው ያንኑ የውስጡን አየር ነው።

ገንዘቡን የተጣበቁትን መስኮቶች አሠራበት አልኩት። ረዳቱም መስኮት ለከፈተ ሰው ያግዝ።

እሱ ግን «ቲቸር፣ ተሳፋሪ ኤሲ ያለውን ነው የሚመርጠው» ብሎ ድርቅ አለ። የመስመሩ ሰዎች፣ እውነቱን ነው?