በዛብህ ጥፋተኛ ነውን?

 

ዛሬ የማጫውታችሁ እዚህ ሽንዲ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በቤቴ በረንዳ ላይ ስለተነሣ አንድ ሙግት ነው። ሙግቱ የመሬት ወይም የገንዘብ አልነበረም፤ በሕይወት ኖሮ ስለማያውቅ ሰው ነበር። ይህ ሰው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ አገሩን ሁሉ ያነጋገረ ነው። ዛሬ ደግሞ ወጣቶች ትረካውን በስልካቸው ያዳምጡታል። ለእኛማ የጎረቤት ታሪክ ነው፤ የበዛብህ ወላጆች አገር ማንኩሳ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ በመንገዳችን ላይ የምናገኛት ናት።

ታሪኩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ አንድ ልጃቸው በሕይወት እንዲቆይላቸው ስለት ተሳሉ፤ ልጁ ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል። በዛብህ አድጎ ተማረ። ዲማ ላይ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ግን ተዋደዱ። ነገሩ ሲታወቅ ነፍሱን ለማዳን ሰብለን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። መጨረሻቸውም አላማረም።

ከተማሪዎቼ አንዱ ጀመረው። «በዛብህ ፈሪ ነው፤ የወደዳትን ልጅ ለአባቷ ቁጣ ጥሎ የሸሸ!» አለ።

«ባይሸሽ ይገደል ነበር። ሬሳው ለሰብለ ምን ይጠቅማታል?» ስትል አንዲት ልጅ መለሰችለት።

ሦስተኛው ደግሞ፣ «ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው፤ ስለት እንዳለበት እያወቀ ለምን ወደዳት?» አለ።

ይህን ጊዜ ከጥግ ተቀምጦ ዝም ብሎ የቆየ አንድ ልጅ፣ «ስለቱን እሱ ተሳለው እንዴ?» አለና አንገቱን ደፋ። ሁሉም ዝም አለ።

ወዲያው አንዷ፣ «ኡስታዝ፣ የመርየምም (ዐ.ሰ.) እናት እኮ በሆዷ ያለውን ለአላህ ተስላለች፤ ተቀባይነትም አግኝቷል» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከባድ ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ የዒምራን ባለቤት ስለቷን ተስላ ዝም አላለችም፤ ልጇንና ዘሯን አላህ እንዲጠብቅላት ለመነች። መርየምም ተሰጥታ አልተረሳችም፤ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አሳዳጊዋ ሆነው እየገቡ ይጠይቋት ነበር። እኛ ከመሻይኾቻችን የተማርነው ደግሞ ስለት የሚያስገድደው የተሳለውን ሰው ራሱን መሆኑን ነው፤ ዝርዝሩን ዑለማዎችን ጠይቁ አልኳቸው።

ልጆቹ ሲበተኑ ያ ዝምተኛ ልጅ ወደኋላ ቀረ። አባቱ፣ እሱ በሕፃንነቱ ታሞ ለሞት በደረሰ ጊዜ፣ «ከተረፈልኝ ሐፊዝ አደርገዋለሁ» ብለው ቃል ገብተው ኖሯል። እሱም ቁርአኑን አይጠላም። ነገር ግን የቀለም ትምህርቱን አቋርጦ ሩቅ አገር ወደሚገኝ መድረሳ ሊላክ መሆኑን የሰማው ከሰው አፍ ነው። «ለአዲስ አበባ መሳፈሪያ አጠራቅሜአለሁ፤ ከቡሬ ነው የምሳፈረው» አለኝ። በዛብህን የጠየቀልን ስለ በዛብህ ብሎ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

አስፈቅጄው በማግስቱ አብረን ወደ አባቱ ሄድን። እኒህ ሰው ልጃቸውን የሚጠሉ አይደሉም፤ ያን የሕመም ሌሊት ሲያነሱ ዛሬም ድምፃቸው ይቆራረጣል። ልጁ በራሱ አፍ ነገራቸው። ቡናው እስኪበርድ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ኡስታዝ፣ ለአላህ ሰጠሁት ብዬ ደስ ብሎኝ ኖርሁ። አንድ ቀን ግን ምን ይመስልሃል ብዬ አልጠየቅሁትም» አሉ።

በዚያ ቀን ሁሉ ነገር አልተፈታም። ልጁ 12ኛ ክፍልን እዚሁ ሊጨርስ፣ ሒፍዙንም ማታ ማታ ሊቀጥል ተስማሙ። አንዳንድ ሳምንት ይሰንፋል፣ አንዳንድ ሳምንት አባቱ ይቆጣሉ። የመሳፈሪያው ብር አሁንም ልጁ ዘንድ ነው፤ አባቱም ይህን ያውቃሉ።

ውድ ወላጆች! ደራሲው የበዛብህን ልብ ከልጅነቱ እስከ መቃብሩ ስለገለጠልን፣ ለበዛብህ ለማዘን አንቸገርም። በየቤታችን ላለው ልጅ ግን ልቡን የሚተርክልን ደራሲ የለውም። እኛው ካልጠየቅነው፣ የምንሰማው ከጠፋ በኋላ ከመናኸሪያ ሰዎች ነው።

እናንተም ወጣቶች! ስለ ልብ ወለድ ሰው ስትሟገቱ የራሳችሁን ጭንቀት እየተናገራችሁ እንደሆነ አንዳንዴ ልብ በሉ። በዛብህ ከመሸሹ በፊት ጉዱ ካሣን የመሰለ የሚያማክረው ሰው ነበረው። እናንተም ከመሳፈራችሁ በፊት የምታምኑትን አንድ ትልቅ ሰው ፈልጉ። እሱም ሲጠፋ፣ ጠዋት እኔ በረንዳ ላይ ኑ።

እንግዲህ በዛብህ ጥፋተኛ ነውን? ልጆቹ እስካሁን አልተስማሙም። በመጪው ሳምንትም ከዐስር በኋላ ይቀጥላሉ።

አላህ ልጆቻችንን ያቅናልን፤ እኛንም የምንሰማ ወላጆች ያድርገን። አሚን! ወሰላሙ ዐለይኩም።