ደም ሲታጠብ ነፍስ እንዳትዘነጋ

በሳሊተ ምሕረትም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል፣ ኩላሊታቸው ሥራውን ያቆመባቸው አረጋውያን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ቀን አራት ሰዓት ያህል፣ ከመሣሪያው ጋር ተያይዘው ደማቸው ሲታጠብ፣ የነፍሳቸውን ጭንቀት የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ድካም ከሕመሙም ከሐዘነ ልቡናም የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ሁሉ ለደዌ ሥጋ ተሰጥቶ ይታለፋል፤ አዛውንቱም በበኩላቸው «ለልጆቼ ሸክም ሆንሁ» የሚለውን ሐሳብ በልባቸው ሰውረው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይመልሳሉ።

በተለይ ዕድሜ ልካቸውን በጠበል የተጽናኑ ምእመን፣ ሽንታቸው በመቀነሱ የሚጠጡት ሁሉ እንዲመጠን ሲነገራቸው፣ ከእምነታቸው የተለዩ ይመስላቸዋል፤ ካህናት አባቶች (ይህን ለማለት ከእኛ ይልቅ ሥልጣን አላቸውና) ጥቂት ጠብታ መቅመስ በረከቱን እንደማያጎድል ቢያስረዷቸው፣ ቃላቸው ከመድኃኒት አያንስም።

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ከእጥበቱ የሚገላግለውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቢጀምርም፣ ከልጁ አካል ተቀንሶ እንዲሰጠው የሚፈቅድ ወላጅ ስንቱ ነው?

እንግዲህ የእጥበት ማዕከሎች ከሐኪሞችና ከነርሶች ጎን የሥነ ልቡና ባለሙያ እንዲመድቡ፣ ልጆችም ወጪውን ከመክፈል አልፈው በእጥበቱ ሰዓት ከወላጆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው እንዲያጫውቷቸው አጥብቀን እናሳስባለን።